ፈረሱን ያስደነበርኩት እኔ ነኝ

ጥፋቴን በመናዘዝ ልጀምር። የአራት ልጆችን የሦስት ሳምንት ልፋት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድራሹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱ ደግሞ ያሳፍራል። ቪዲዮ ልቀርጽ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ እህቴን ልጠይቅ ደባርቅ ሄድኩ። መንገዱን ለማታውቁት፣ ከጎንደር በሚኒባስ ተነስታችሁ አምባ ጊዮርጊስን ታልፋላችሁ፣ ዳባት ላይ ሻይ ትጠጣላችሁ፣ ከዚያ ብርዱ በመስኮት መግባት ሲጀምር ደባርቅ ደረሳችሁ ማለት ነው። ከተማዋ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። የቱሪስት ዕቃ የሚጭኑ በቅሎዎች፣ እህል የሚጭኑ ፈረሶችና አህዮች ከባጃጁ ጋር እየተጋፉ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። እዚያ ላደገ ልጅ ፈረስ ብርቅ አይደለም።

የእህቴ ልጅና ሦስት የሰፈር ጓደኞቹ ግን አንድ ፈረስ ብርቅ ሆኖባቸው አገኘኋቸው። ከዳባት በሚመጣው መንገድ ዳር ተጥሎ ያገኙት ነው። አጭር ነው፤ ፈረንጆቹ ፖኒ የሚሉት ዓይነት። የደጋችን ፈረስ አብዛኛው በቁመቱ ከፖኒ የሚመደብ ነው። ጎድኑ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጀርባው ገጣባ ነው፤ ጭነቱ የላጠው ቦታ ላይ ዝንብ ሰፍሮበታል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ለምን እንደተጣለ ግን ሁሉም ያውቃል። በሬ ሲያረጅ ሥጋ ነው፣ ቆዳ ነው፣ ይሸጣል። ፈረስ በእኛ አገር አይበላም፤ መሸከም ያቆመ ቀን የገበያ ዋጋው ዜሮ ይሆናል። ቀለቡ ግን ዜሮ አይሆንም። ስለዚህ ሌሊት መንገድ ዳር ይለቀቃል።

ልጆቹ ጭድ እያሳዩ፣ እየጎተቱም ሳይሆን እየቀደሙት፣ ግማሽ ቀን ፈጅተው እስከ እህቴ ጓሮ አመጡት። ከዚያ በኋላ የሰሩት ሥራ ነው የገረመኝ። ፈረሱ ሰው እጅ ላይ ነገር ካየ ይርበደበዳል። ዱላ ይሁን ገመድ ይሁን መጥረጊያ ለእሱ አንድ ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ እጃቸውን ባዶ አደረጉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳሩን አስቀምጠው ይሄዳሉ። ቀጥሎ አስር እርምጃ ያህል ርቀው ቁጭ ማለት ጀመሩ። ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት፣ የሂሳብ ደብተር ይዘው። በየቀኑ አንድ እርምጃ ይጠጋሉ። ቁስሉን ያየላቸው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በጨውና ለብ ባለ ውሃ እንዲያጥቡት ነግሯቸዋል፤ ለማጠብ ግን መንካት አለባቸው፣ ለመንካት ደግሞ ፈረሱ መፍቀድ አለበት። በሁለተኛው ሳምንት ከመዳፋቸው በላ። በሦስተኛው ሳምንት የእህቴ ልጅ እጁን አንገቱ ላይ አሳረፈ። አስር ዓመቱ ነው። ያንን ቀን ሲነግረኝ ድምፁን ቀንሶ ነበር፣ ፈረሱ ውጭ ሆኖ እንዳይሰማው ይመስል።

እኔ የደረስኩት በማግስቱ ነው።

ታዲያ ምን አሰብኩ? ይህ ታሪክ ቲክቶክ ላይ ቢወጣ አገር ያየዋል አልኩ። ልጆቹ ትምህርት ቤት እያሉ ስልኬን በአንድ እጄ፣ ገመድ በሌላ እጄ ይዤ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ቆንጆ ምስል እንዲመጣልኝ በስተኋላው ነው የመጣሁት። ፈረስ ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል፤ የማያየው በቀጥታ ከኋላውና ከግንባሩ ሥር ያለውን ትንሽ ቦታ ነው። እኔ ያንኑ የማያየውን ቦታ መርጬ ገመድ ይዤ መጣሁበት። ኮሽታ ሰምቶ ዘወር ሲል ያየኝን እኔንጃ፣ ብቻ አጥሩን ጥሶ ወጣ። እንጨቱ ሊድን የነበረውን ቁስል ከፈተው። እስኪመሽ ተፈልጎ ተገኘ፣ ግን ያ በመዳፍ የሚበላው ፈረስ አልነበረም። ልጆቹ ሲጠጉት ጆሮውን ወደኋላ ለጥፎ ግድግዳ ይፈልጋል።

የእህቴ ልጅ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እራት ቀርቦ ከእኔ ጋር አልበላም አለ፣ በቃ።

እኔም በሽንፈቴ ላይ ጥበብ ልጨምር ብዬ፣ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው አይደለሁ፣ ለእህቴ ሂሳብ ሰራሁላት። የጭዱ ዋጋ ይህን ያህል፣ የገብሱ ይህን ያህል፣ ገቢው ደግሞ ምንም። ለቀቅ ብታደርጉት ይሻላል አልኳት። እትዬ ሰማችኝና ዝም ብላ ምድጃውን ቆሰቆሰች። ልጁ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ነቅቶ ነበር።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የደባርቅ ብርድ አለ፣ ኅሊናም አለ። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ስለ ፈረስ ስፈልግ ስልኬ ላይ አንድ ስሙን ብቻ የማውቀው መጽሐፍ አገኘሁ፤ ብላክ ቢውቲ፣ ጥቁር ውበት እንደ ማለት። ፊልሙን ያያችሁ ትኖራላችሁ። የመጽሐፉ የባለቤትነት መብት ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ በነጻ ይወርዳል። እየነጋ ሲሄድ ከፈረሱ ታሪክ ይልቅ የጸሐፊዋ ታሪክ ያዘኝ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት እሱን ነው። የእንግሊዝ ታሪክ ስለሆነ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አና ስዌል የተወለደችው ማርች 30 ቀን 1820 ኖርፎክ በሚባለው የእንግሊዝ ግዛት፣ ግሬት ያርማውዝ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ቤተሰቡ ኩዌከር ከሚባሉት፣ ጠብንና ጭካኔን ከሚጸየፉት ክርስቲያኖች ወገን ነበር። አባቷ አይዛክ ንግድ የማይሆንለት ነጋዴ ነው። ሱቅ ይከፍታል፣ ይከስራል፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እናቷ ሜሪ አናንና ሁለት ዓመት የሚያንሳትን ወንድሟን ፊሊፕን እቤት ውስጥ ራሷ ታስተምር ነበር። ለትምህርት ቤት የሚከፈል ሁልጊዜ አይገኝምና። ልጆቹ ለንደን ቢያድጉም በዕረፍት ጊዜ ኖርፎክ ውስጥ ባክስተን የምትባል መንደር ወደሚገኘው የዘመዶቻቸው እርሻ ይሄዱ ነበር። አና ፈረስ መጋለብ የለመደችው እዚያ ነው።

አስራ አራት ዓመቷ ላይ አንድ ቀን ዝናብ ይጥላል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልትሮጥ አለች፣ አዳለጣት፣ ወደቀች። ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቿ ክፉኛ ተጎዱ። ያኔ የነበረው ሕክምናም አልፈወሳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ረጅም መንገድ በእግሯ ሄዳ አታውቅም። አንዳንድ ጊዜ ያለ ምርኩዝ መቆምም ያቅታት ነበር። አባቷ አየሩ ይሻላት ይሆናል ብሎ በ1836 ብራይተን ወደምትባል የባሕር ከተማ ወሰዳት። ጀርመን አገር ድረስ ሄዳ በውሃ ሕክምና ሞክራለች፤ የእኛ ሰው ጠበል ለጠበል እንደሚዞረው ማለት ነው። ይሻላታል፣ ተመልሶ ይጥላታል። ዕድሜዋ እንዲህ አለፈ። አላገባችም፣ አልወለደችም፣ ከወላጆቿ ቤት አልወጣችም።

ታዲያ ይህች ሴት ከቤት ስትወጣ በምን ትሄዳለች? በፈረስ ነዋ። አባቷ ሥራ ሲሄድና ሲመለስ በፖኒ በሚጎተት ትንሽ ሰረገላ ባቡር ጣቢያ የምታደርሰውና የምትቀበለው አና ነበረች። አስቡት እንግዲህ። ለሌላው ሰው ፈረስ ንብረት ነው፣ የሥራ መሳሪያ ነው። ለእሷ ግን እግሯ ነው። ያ እንስሳ እምቢ ካለ እሷ መንገድ ላይ ቀረች ማለት ነው፤ ወርዳ ልትጎትተው፣ ልትሮጥ፣ በጉልበት ልታስገድደው አትችልም። እሷና ፈረሱን የሚያገናኛቸው መተማመን ብቻ ነበር።

አብረዋት የተጓዙ ሰዎች የተዉት ምስክርነት አለ። ዛቡን ላላ አድርጋ ነበር የምትይዘው። አለንጋ ላይ አትተማመንም። ፈረሱን እንደ ሰው ታናግረዋለች፣ ዳገት ላይ ታበረታታዋለች፣ ሲደክመው ታስቆመዋለች። እሱም ይሰማታል። ይህን ሳነብ የእህቴ ልጅ የሂሳብ ደብተሩን ይዞ ፈረሱ አጠገብ ተቀምጦ ለራሱ የሚያጉረመርመው ትዝ አለኝ። ፈረሱ ሂሳብ አይገባውም። ድምፁ ግን ገብቶታል።

ስለ እናቷ አንድ ነገር ካልጨመርኩ ታሪኩ ይጎድላል። ሜሪ ስዌል በሰፊው መጻፍ የጀመረችው ስልሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። ለተራው ሰው የሚገባ ታሪክ በግጥም ትጽፍ ነበር፤ አንዱ ሥራዋ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። የእያንዳንዱ ጽሑፍ የመጀመሪያ አንባቢና አራሚ አና ነበረች። የበዛውን ቃል ትቆርጣለች፣ ያልገባትን ታስመልሳለች። ለሠራተኛ ሰው በሚገባው ቋንቋ መጻፍን የተማረችው በዚህ መንገድ፣ የራሷን አንድ መስመር ሳታሳትም ነው።

በ1866 የወንድሟ ሚስት ሰባት ልጆች ትታ ሞተች። ቤተሰቡም ልጆቹን ለማገዝ ብሎ በ1867 ፊሊፕ ወደሚኖርበት ወደ ኖርፎክ፣ ኦልድ ካተን ወደምትባል መንደር ተመለሰ። የመጽሐፉ ጥቁር ፈረስ መነሻ የወንድሟ ፈረስ ቤሲ ናት ይባላል።

በ1871 ሐኪሙ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ብቻ እንደቀራት ነገራት። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ብዙ ሰው ቢሆን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። እሷ ግን የአንድ ፈረስ የሕይወት ታሪክ መጻፍ ጀመረች። ሶፋ ላይ ተጋድማ ነው የምትጽፈው። ሲሻላት በእርሳስ በቁራጭ ወረቀት ትጽፋለች፣ ሲብስባት ለእናቷ በቃል ትነግራታለች፣ እናትየው ገልብጣ በንጹሕ ታስቀምጠዋለች። በመሃል ሕመሙ ጸንቶባት ለዓመታት እርሳስ ያልያዘችበት ጊዜም አለ። ሐኪሙ ከሰጣት ጊዜ በላይ ኖራ በ1877 ጨረሰችው።

መጽሐፉን የሚተርከው ፈረሱ ራሱ ነው። የመጀመሪያው እትም ላይ ስሟ የወጣው እንደ ደራሲ ሳይሆን የፈረስን ቋንቋ እንደተረጎመች ሴት ተደርጎ ነበር። ቀልድ ይመስላል፤ ለእሷ ግን ቁም ነገር ነው። ዓላማዋ ሰው ለፈረስ እንዲራራና እንዲገባው ማድረግ ነበር። የጻፈችውም በዋናነት ለልጆች አይደለም፤ ለባልደራስ፣ ለሰረገላ ነጂ፣ ፈረስ ለሚያሳድር ሰው ሁሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ልንገራችሁ። እንግሊዞች ውርንጭላን ለሥራ ማለማመድን የሚጠሩበት ቃል ቀጥታ ትርጉሙ መስበር ነው። ፈረሱ ይሰበራል። እኛ ግን እንገራዋለን እንላለን። ልጅም ይገራል፣ አንደበትም ይገራል፣ ፈረስም ይገራል። አና የጻፈችው አገራር የእነሱን ቃል ሳይሆን የእኛን ቃል ይመስላል። የጥቁሩ ፈረስ የመጀመሪያ ጌታ ልጓሙን፣ ኮርቻውን፣ ጭነቱን አንድ በአንድ ያስለምደዋል፤ አጃ እያበላው፣ አንገቱን እየዳበሰው፣ እያናገረው። ባቡር እንዳያስደነብረው ደግሞ ባቡር በሚያልፍበት ሜዳ ከላሞችና በጎች ጋር ለተወሰነ ጊዜ እንዲግጥ ለቀቀው። መጀመሪያ በርግጎ ሮጠ። ቀን ከቀን ባቡሩ መጥቶ ምንም ሳያደርገው ሲያልፍ ናቀው። ማንም አልገረፈውም፣ ማንም አላስገደደውም። ጊዜ ብቻ ተሰጠው።

ቆይቶ በአንድ ጋጥ አብራው የኖረችው ዳማዋ ባዝራ ጂንጀር ግን የተገላቢጦሹ ደርሶባታል። ገና በልጅነቷ ጉልበቱን የሚወድ ሰው በኃይል ሊሰብራት ሞከረ። ስለዚህ ትናከሳለች፣ ትራገጣለች። ክፉ ፈረስ ተባለች። ደግ ባልደራሶች እጅ ስትገባ ግን ቀስ በቀስ ክፋቷ ሟሟ። የተሰበረ መተማመን እንደገና ሊገነባ እንደሚችል አና ያሳየችን እዚህ ነው። ቆይቶ ጂንጀር ተሸጠች፣ ሌላ እጅ ላይ ወደቀች፣ እንደገና ተጎዳች። መጨረሻዋ የለንደን ታክሲ ሰረገላ መጎተት ሆነ። አንድ ቀን ጥቁሩ ፈረስ የሞተች ዳማ ፈረስ በጋሪ ተጭና ስታልፍ ያይና ጂንጀር በሆነች፣ መከራዋ ባበቃ ብሎ ይመኛል። እኔ ያንን ገጽ ያነበብኩት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ውጭ ያ ገጣባ ፈረስ ሲያስነጥስ ይሰማኛል።

መጽሐፉ ውስጥ ፖኒም አለ። ሜሪሌግስ ይባላል፤ ሥራው ልጆች ማንሸራሸር ነው። ትንንሾቹን ሴቶች ልጆች እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ነው የሚወስዳቸው። አንድ ቀን ግን ወንዶቹ ልጆች ተራ በተራ እየጋለቡ፣ በዱላ እየነረቱት፣ ይደክመዋል ብለው ሳያስቡ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። በስተመጨረሻ ፖኒው የኋላ እግሮቹ ላይ ቆመና ጋላቢውን በስተኋላው ሸርተት አደረገው። ማንንም አልጎዳም። ልጆቹን እየገራቸው ነበር። አና ይህን ስትጽፍ ልጆችን መጥፎ አላለቻቸውም። ፈረስም እንደሚደክመው የነገራቸው ሰው አልነበረም፣ ነው ነገሩ።

እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ምዕራፍ ነው። በለንደን ፈረሱን አብዝቶ የሚያሠራ አንድ ድሃ ነጂ አለ። ሰው ጨካኝ ብሎ ይወቅሰዋል። እሱ ደግሞ ሂሳቡን ያወጣል፤ ሰረገላውና ሁለቱ ፈረሶች የእሱ አይደሉም፣ ለባለቤቱ በቀን 18 ሽልንግ ይከፍላል። ያንን ሳይሞላ ለልጆቹ ዳቦ የለም። ስለዚህ ፈረሱን ይገርፋል። የቀን ገቢ ለባለንብረት የምታስገቡ የባጃጅ ልጆች ይህን ታሪክ ማንም ሳያስረዳችሁ ትረዱታላችሁ። ለነጂው ያዘነች ሴት ናት አና። ጭካኔው ሁሉ ከልብ ክፋት እንደማይመጣ ታውቃለች። አንዳንዱ ከውሉ ይመጣል።

አንዳንዱ ደግሞ ከፋሽን ይመጣል። በዘመኑ የሀብታም ሰረገላ ፈረሶች አንገታቸው ቀና ብሎ እንዲታይ ጭንቅላታቸውን ሽቅብ ወጥሮ የሚይዝ ማሰሪያ ይደረግባቸው ነበር። ዳገት ላይ ፈረስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ነው ክብደቱን የሚገፋው። ማሰሪያው ይህን ይከለክለዋል፣ ትንፋሹን ያሳጥረዋል፣ አፉንና አንገቱን ያቆስላል። ተመልካች ግን ያምራል ይላል። ጥቅሙን አንዱ ይወስዳል፣ ዋጋውን ሌላው ይከፍላል። ከፋዩ ደግሞ አፍ የለውም። አና አፍ ሆነችለት።

አሁን ወደ እኔ ቢጤው ልምጣ። ጆ ግሪን ይባላል፣ መጽሐፉ ውስጥ ገና ሥራ የጀመረ ልጅ ነው። አንድ ሌሊት ጥቁሩ ፈረስ ሐኪም ለማምጣት ሲጋልብ አምሽቶ በላብ ተጠምቆ ይመለሳል። ጆ ደግ ያደረገ መስሎት ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ሙሉ ያጠጣዋል፣ ልብስ ሳያለብሰው ትቶት ይሄዳል። ፈረሱ ሊሞት ይደርሳል። ዋናው ባልደራስ ልጁ ክፉ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ግን አለማወቅም ይገድላል ባይ ነው። ጆ አልቅሶ አልቀረም፤ ተማረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ፈረስ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ፣ ስሙ ተቀያይሮ፣ ጉልበቱ ቆስሎ አንድ ቤት ይደርሳል። የቤቱ ባልደራስ ሲያጥበው የግንባሩን ቦቃ ያያል፣ አንድ ነጭ እግሩን ያያል፣ ጀርባው ላይ ሳንቲም የምታህል ነጭ ነጥብ ያገኛል። ባልደራሱ ጆ ነው። የፈረሱን የድሮ ስም የመለሰለት ሊገድለው የነበረው ልጅ ሆነ።

መጽሐፉን ጃሮልድ የሚባል የኖርዊች አሳታሚ ገዛትና ኅዳር 1877 ላይ ወጣ። የተከፈላት በአንድ ጊዜ ክፍያ ከ40 ፓውንድ ያልበለጠ ነው። ከሽያጩ መቶኛ የለም፣ በቃ አለቀ። ያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ቅጂ እንደተሸጠ ይገመታል። በንግድ ዓይን ከታሪክ መጥፎ ውሎች አንዱ ነው። እሷ ግን ለንግድ አልጻፈችውም። መወደዱን በጥቂቱ አይታ፣ መጽሐፉ በወጣ በአምስተኛው ወር፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1878 አረፈች። 58 ዓመቷ ነበር። ላማስ በምትባል መንደር በኩዌከሮች መካነ መቃብር ተቀበረች። በቀብሯ ዕለት እናቷ በመስኮት ስታይ የአስከሬን ሰረገላው ፈረሶች ያንኑ አንገት ወጣሪ ማሰሪያ አድርገው ቆመዋል። ወጥታ አስፈታችው ይባላል። አና ወደ መቃብሯ የሄደችው አንገታቸው በተፈታ ፈረሶች ነው።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ የራሱን መንገድ ሄደ። በ1890 ጆርጅ ኤንጅል የሚባል የቦስተን ሰው አሜሪካ ውስጥ አሳትሞ ለሰረገላ ነጂዎችና ለፈረስ ጠባቂዎች አከፋፈለ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሰራጨ። ያ ማሰሪያ ቀስ በቀስ ከመንገድ ጠፋ። ለሥራ እንስሳት የሚቆሙ ድርጅቶችም እየተጠናከሩ መጡ። ከእነሱ መካከል በ1923 ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ሥራ የጀመረው ስፓና እና ዶሮቲ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የጦር ፈረሶችን ካይሮ ላይ እየገዛች ለማሳረፍ የጀመረችው፣ በ1934 የእንስሳት ሆስፒታል የከፈተችበት ብሩክ ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥም ይሠራሉ። ሥራ አያጡም። በአህያ ቁጥር ከዓለም አንደኛ የሆነች፣ ፈረስና በቅሎዋም በሚሊዮን የሚቆጠር አገር ናት የእኛዋ።

ደግሞም ፈረስ የማናከብር ሕዝብ አይደለንም። ከደባርቅ ብዙ ሳይርቅ፣ ደረስጌ ማርያም፣ ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ውቤን ድል አድርጎ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። አና ያኔ እንግሊዝ አገር የ34 ዓመት ሴት ነበረች። ያንን ንጉሥ ሰሜኑ ዛሬም አባ ታጠቅ ይለዋል፤ ታጠቅ የፈረሱ ስም ነው። አያቶቻችን ጀግናን በፈረሱ ስም ይጠሩ ነበር፤ ሰውየው የፈረሱ አባት ይባላል። ግን ያ ክብር የሚደርሰው ጦር ሜዳ የዋለው ፈረስ ጋ ነው። እህል ተሸክሞ ከዳባት ደባርቅ የተመላለሰው ፈረስ ስም ኖሮት ከሆነም የተጣለ ሌሊት ስሙም አብሮ ተጥሏል።

በነጋታው ጠዋት ለእህቴ ልጅ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ የጆ ግሪንን ታሪክ እንዳለ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ጆ ለመማር ስንት ቀን ፈጀበት አለኝ። መጽሐፉ አይቆጥርም አልኩት። ትንሽ አስቦ ስልኬን ቤት ውስጥ አስቀምጬ እንድመጣ ፈቀደልኝ።

ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሳሩን አስቀምጦ መሄድ። አስር እርምጃ ርቆ መቀመጥ። እኔም ከእነሱ ኋላ፣ አስራ አምስት እርምጃ ላይ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሂሳቤ ስህተት እንዳልነበረ አሁንም አምናለሁ፤ ጭዱ ውድ ነው፣ ገቢ የለም። ሒሳቡ ውስጥ ያላስገባሁት ልጆቹን ነው። ባለፉት ዓመታት በዚህ አካባቢ ያለፈውን ታውቃላችሁ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ ደርሶ ነበር። እነዚህ ልጆች የፈራ ፍጡር ምን እንደሚመስል የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ የፈራ ፍጡር በእነሱ እጅ ፍርሃቱን ሲተው ማየት ለእነሱ ስንት ብር እንደሚያወጣ የሚያሰላ ቀመር እኔ ክፍል ውስጥ አልተማርኩም።

ስም እናውጣለት ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። አልተስማሙም። የእህቴ ልጅ እንዳለው ፈረሱ ስም ይኖረዋል፣ እኛ ነን የማናውቀው። እስኪታወቅ እንግዳው ነው የሚሉት።

በአምስተኛው ቀን ልመለስ ስነሳ እንግዳው ሳሩን እየበላ ነበር። ከልጆቹ አምስት እርምጃ ላይ ነው። ወደ እኔ አልመጣም፣ አላየኝምም። ግን አንዱ ጆሮው ወደ እኔ ዞሮ ትንሽ ቆየና ተመለሰ። የእህቴ ልጅ አይቶታል፣ እኔም አይቼዋለሁ።

ቪዲዮ የለኝም። ቸር ይግጠመን።